ከመሐንዲስነት ወደ ፓተንት ሙያ፦ በሰሜን ሸዋ ያሉ መሐንዲሶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ከብርድ ልብሱና ከእንጨት ሥራው ፋብሪካ ዘመን ጀምሮ የመካኒክና የመሐንዲስ አገር ነች። ዛሬ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ የቢራ ፋብሪካዎቹ፣ ወደ ለሚ በኩል ደግሞ ሲሚንቶው ተጨምረዋል። በእነዚህ ቦታዎች የጥገና ክፍል ውስጥ ማሽን ሲያሻሽሉ ውለው ማታ ማታ ሕግ የሚያነቡ፣ ወይም ለማንበብ የሚያስቡ መሐንዲሶች አሉ። ይህ ገጽ የተዘጋጀው ለእነሱ ነው።

የፓተንት ሥራ ማለት ምን መሥራት ነው?

ፓተንት ለፈጣሪ በሕግ የሚሰጥ የብቻ መብት ነው። ሥራው አንድ ሰው አዲስ ነገር ፈጠርኩ ሲል ያንን ነገር ተረድቶ፣ ከዚህ በፊት ከነበረው ለይቶ፣ የሚጠበቅለትን ወሰን በቃላት ማስቀመጥ ነው። ቀኑን የሚበላው ማንበብና መጻፍ ነው፤ ክርክርና ችሎት የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። የማሽን ድምፅ የሚወድ፣ እጁ ቁልፍ ካልጨበጠ ቀኑ የማይሞላለት ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስብበት ይሻላል። ሥዕል አይቶ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ በአእምሮው የሚያንቀሳቅስና ያንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ለማስቀመጥ የሚታገል ሰው ግን ቦታው እዚህ ነው።

የሕግ ዲግሪ ሳይኖረኝ መግባት እችላለሁ?

እንደ በሩ ነው። ሦስት በሮች አሉ።

አንዱ የፓተንት መርማሪነት ነው። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የቀረበለት ማመልከቻ አዲስ መሆኑን፣ የፈጠራ ብልጫ ያለው (ለሙያው ሰው በቀላሉ የማይታሰብ) መሆኑንና በኢንዱስትሪ ሊሠራ የሚችል መሆኑን የሚመረምርለት የቴክኒክ ሰው ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ዋናው ትምህርት ምሕንድስናው ነው፤ ሕጉ በሥራ ላይ ይለመዳል።

ሁለተኛው ማመልከቻ አርቃቂነትና ወኪልነት ነው። ማርቀቅ ብቻውን ፈቃድ አይጠይቅም፤ በአንድ ወኪል ቢሮ ተቀጥረው ሊሠሩት ይችላሉ። በራስዎ ስም ደንበኛ ወክለው ባለሥልጣኑ ፊት ለመቅረብ ግን የፓተንት ሕጉን ለማስፈጸም የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ስለ ወኪሎች የሚለውን ማሟላት አለብዎት። የምዝገባ መስፈርቱን ከባለሥልጣኑ በጽሑፍ ጠይቀው ይውሰዱ፤ በወሬ አይተማመኑ።

ሦስተኛው ጥብቅና ነው። ፓተንት ተጣሰ ብሎ ፍርድ ቤት ለመቆም የሕግ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ፣ የመግቢያ ፈተናና ፈቃድ ይጠየቃል፤ ገዥው ሕግ የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። የሕግ ዲግሪ በመደበኛው 5 ዓመት ይወስዳል፤ በማታው ከዚያም ይረዝማል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምራል፤ ስለዚህ ለትምህርቱ ሲሉ ከተማውን መልቀቅ ግድ አይሆንም።

የእኛ ምክር ከሁለተኛው በር ጀምሩ ነው። 5 ዓመት ሕግ ተምሮ በመጨረሻ ማርቀቅ እንደማይወድ ከሚያውቅ፣ 5 ማመልከቻ አርቅቆ ሕግ መማር ይበጀው እንደሆነ የሚወስን ሰው ያነሰ ይጎዳል።

ሥራው አለ ወይ? ደብረ ብርሃን ተቀምጦስ ይሠራል?

እውነቱን እንናገር። በኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ቢሮዎች አብዛኛው እንጀራ የንግድ ምልክት ነው። ከአገር ውስጥ ፈጣሪዎች የሚመጣው ማመልከቻ ደግሞ በብዛት ለግልጋሎት ሞዴል (ለአነስተኛ ፈጠራ ለሚሰጠው ጥበቃ) እንጂ ለፓተንት አይደለም። «ፓተንት ብቻ እሠራለሁ» ብሎ የሚነሳ ሰው ገቢው ለረዥም ጊዜ ቀጭን ይሆናል። የንግድ ምልክት ምዝገባ፣ የኢንዱስትሪ ንድፍና የቴክኖሎጂ ሽግግር ውል አብረው ቢያዙ ቢሮው ይቆማል።

ፓተንት የፌዴራል ጉዳይ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቶታል። ስለዚህ በዞንም ሆነ በክልል የሚመዘገብ ነገር የለም፤ መዝገቡ አዲስ አበባ ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ማርቀቁና ፍለጋው ግን ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ካለ ከመሐል ሜዳም ይሠራል። በዚህ በኩል ሰሜን ሸዋ የራሱ ብልጫ አለው፦ ፈጣሪው ያለው እዚሁ ነው። የመንዝ ሱፍ ፈታዮች መሣሪያ፣ የእንጀራ ምጣድ፣ የገብስና የጤፍ መውቂያ፣ የውኃ መሳቢያ የሚያሻሽሉ የብረታ ብረት ማኅበራት አዲስ አበባ ያለ ቢሮ በር ላይ አይደርሱም። እዚሁ ሆኖ የሚያዳምጣቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

የትኛውን ሕግ ላንብብ? በየትኛው ቋንቋ?

መጀመሪያ አዋጅ ቁጥር 123/1987ን፣ የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጁን። ቀጥሎ ማስፈጸሚያውን ደንብ ቁጥር 12/1989። አዋጁ አጭር ነው፤ በአንድ ቅዳሜ ያልቃል። ግን ሦስት ጊዜ ይነበብ።

በቃል መያዝ ያለባቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ፓተንት ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ይጸናል፤ ፈጠራው አገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመራል። የግልጋሎት ሞዴል 5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። የኢንዱስትሪ ንድፍ 5 ዓመት ሆኖ ሁለት ጊዜ፣ በየ5 ዓመቱ ይራዘማል። አስገቢ ፓተንት የሚባለው፣ በውጭ አገር ፓተንት ያለውንና እዚህ ያልተመዘገበውን ቴክኖሎጂ አምጥቶ ለሚሠራ ሰው የሚሰጠው፣ እስከ 10 ዓመት ነው። በውጭ መጻሕፍት የተማረ ሰው «ፓተንት 20 ዓመት ነው» ብሎ ለደንበኛው ሲነግር እንሰማለን፤ እዚህ እንደዚያ አይደለም።

አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ታትሟል። ሁለቱ የተለያዩ በመሰሉ ጊዜ የሚገዛው አማርኛው ነው። መሐንዲሶች ትምህርታቸው በእንግሊዝኛ ስለነበር ቀኙን ዓምድ ብቻ አንብበው ያልፋሉ፤ ልማዱን ከመጀመሪያው ያርሙት።

ፓተንት ይጠየቅ ወይስ የግልጋሎት ሞዴል?

የግልጋሎት ሞዴል የፈጠራ ብልጫ አይጠይቅም፤ አዲስነትና በኢንዱስትሪ ሊሠራ መቻሉ ይበቃዋል። የታወቀን መሣሪያ በጥቂቱ አሻሽሎ ለተሻለ አገልግሎት ያበቃ ሰው ወደዚያ ይሂድ። ደንበኛው «ፓተንት» የሚለው ስም ስለሚያኮራው ብቻ ወደማያልፍበት በር አይምሩት።

ክሌም የሚባለው ምንድን ነው? ለምን ይህን ያህል ይወራለታል?

የማመልከቻው ልብ የይገባኛል ነጥቦቹ ናቸው፤ በሙያው ያሉ ሰዎች በአማርኛ ሲያወሩም ክሌም ነው የሚሏቸው። የገጠር መሬት ይዞታ ደብተርን ያስቡ። ደብተሩ መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፣ ጥሩ ገብስ ያበቅላል አይልም። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ እገሊት ይላል። አዋሳኙ ከተሳሳተ የማሳው ለምነት አያድንም። ክሌም አዋሳኝ ነው። መግለጫው፣ ሥዕሉና አኅጽሮቱ ማሳውን ያሳያሉ፤ ወሰኑን የሚያስቀምጠው ግን ክሌሙ ነው።

በምሳሌ እንየው። ምንጃር ላይ አንድ ባለሙያ የጤፍ መውቂያ ሠራ እንበል። የጤፍ ችግር የታወቀ ነው፤ ፍሬው ከማነሱ የተነሳ ማራገቢያው ገለባውን ሲያበር ፍሬውንም ይዞት ይሄዳል። ባለሙያው ነዶው የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ በስፕሪንግ ላይ አስቀመጠው። ነዶ ሲበዛ ጠረጴዛው ዝቅ ይላል፤ በዘንግ የተያያዘው የማራገቢያ መዝጊያ ይከፈታል፤ ነዶው ሲያንስ መዝጊያው ይጠብና ነፋሱ ይቀንሳል።

መሐንዲስ መጀመሪያ የሚጽፈው ይህን ይመስላል፦

«በ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ የተሠራ፣ ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 24 ጥርስ ከበሮ፣ ሁለት ኩሽኔታ፣ በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ፣ 5 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተርና ጠረጴዛውን የተሸከሙ አራት ስፕሪንጎች ያሉት የጤፍ መውቂያ።»

ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ትክክል ተለክቷል፤ ጥበቃው ግን ባዶ ነው። ጣሰ የሚባለው በክሌሙ የተጻፈውን ሁሉ የያዘ ማሽን የሠራ ሰው ብቻ ነው። ጎረቤት ያለው ጋራዥ 22 ጥርስ አድርጎ ቢሠራው፣ ወይም ሞተሩን ትቶ በእጅ ቢያዞረው፣ ከወሰኑ ውጭ ቆሟል። በክሌም ውስጥ የተጨመረ እያንዳንዱ ቃል መሬትዎን ያጠባል። መሐንዲስ በሥራ ሥዕል ላይ ልክ ካልጻፈ ይወቀሳል፤ እዚህ ልክ መጻፉ ነው የሚያስወቅሰው።

ይህን የተረዳ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ይወድቃል፦ «ጤፍ የሚወቃ ማሽን» ብሎ ይጽፋል። ይህ አገሩን ሁሉ የእኔ ነው ማለት ነው፤ መውቂያ ከዚህ በፊት ስለነበረ በአዲስነት ይወድቃል።

መሃሉን ለማግኘት የሚረዳው ጥያቄ አንድ ነው፦ የትኛው ነገር ቢወገድ ነው ጥቅሙ የሚጠፋው? ላሜራውን ቀይሩት፣ ይሠራል። ሞተሩን አውጡት፣ ይሠራል። ስፕሪንጉን በሚዛን ድንጋይ ተኩት፣ አሁንም ይሠራል። በነዶው መጠንና በነፋሱ መካከል ያለውን ግንኙነት ቁረጡት፤ ፍሬው ይበናል። ፈጠራው እሱ ነው። እንግዲህ፦

1. የሚከተሉትን የሚያካትት የእህል መውቂያ፦
ሀ. ነዶ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ፤
ለ. ከጠረጴዛው የሚመጣውን ነዶ የሚወቃ ከበሮ፤
ሐ. ከከበሮው በሚወጣው እህልና ገለባ ላይ አየር የሚነፋ ማራገቢያ፤
መ. በጠረጴዛው ላይ ያለው የነዶ መጠን ሲቀንስ ወደ ማራገቢያው የሚገባውን አየር የሚቀንስ መቆጣጠሪያ።

2. መቆጣጠሪያው በዘንግ ከጠረጴዛው ጋር የተያያዘ መዝጊያ የሆነበት፣ በክሌም 1 የተገለጸው መውቂያ።

3. ጠረጴዛው በስፕሪንግ ላይ የተቀመጠበት፣ በክሌም 2 የተገለጸው መውቂያ።

አንደኛው ሰፊው ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው እየጠበቡ የሚሄዱ መሸሸጊያዎች ናቸው፤ መርማሪው አንደኛውን የሚያፈርስ ቀዳሚ ሰነድ ቢያገኝ ወደ ሁለተኛው ይሸሻሉ። ሰፊው ክሌም ግን ድጋፍ ይፈልጋል፤ መግለጫው ላይ ስፕሪንጉን ብቻ ጽፈው በክሌሙ «መቆጣጠሪያ» ማለት አያስኬድም። ስለዚህ ፈጣሪውን «በሌላ በምን ሊሠራ ይችላል?» ብለው ይጠይቁና ሚዛን ድንጋዩንም፣ የኤሌክትሪኩንም መንገድ ይጻፉት።

በአማርኛ ሲረቀቅ የሚያስቸግር የተለየ ነገር አለ?

አለ፤ ሦስቱን ብቻ እናንሳ። ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣና «የ» እየተደራረበ ስለሚሄድ ረዥም ክሌም በአንድ ትንፋሽ ከተጻፈ የትኛው የትኛውን እንደሚገልጽ ይጠፋል። ከላይ እንዳለው በፊደል ዘርዝሩት።

ሁለተኛው አመልካቹ ነው። «ከበሮው» ስንል ቀደም ሲል «ከበሮ» ተብሎ የተዋወቀ ነገር መኖር አለበት። መጀመሪያ ላይ ድንገት «መዝጊያው» ብሎ የሚነሳ ክሌም «የትኛው መዝጊያ?» ያስብላል።

ሦስተኛው የትምህርት ቤት ልማድ ነው። አንድ ቃል ሲደጋገም ያሰለቻል ተብለን ስለተማርን አንድ ቦታ «እጀታ»፣ ሌላ ቦታ «መያዣ» እንላለን። እዚህ ሁለት ቃል ሁለት ዕቃ ነው። አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻ ይደጋግሙት፤ ማንም አይሰለችም።

ቀዳሚ ጥበብ ፍለጋ እንዴት ይጀመራል?

ቀዳሚ ጥበብ ከማመልከቻው በፊት ለሕዝብ የታወቀው ሁሉ ነው። ፍለጋው በነጻ ይጀመራል። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅቱ (የዋይፖ) ፓተንትስኮፕ፣ የአውሮፓ ፓተንት ቢሮው ኢስፓስኔትና ጉግል ፓተንትስ ክፍያ የላቸውም። ከመፈለግዎ በፊት ፈጠራውን ከላይ እንደ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ከፋፍለው ሠንጠረዥ ይሥሩ፤ ያገኙትን እያንዳንዱን ሰነድ ከየፊደሉ አንጻር «አለ» ወይም «የለም» ይበሉ። አንድ ሰነድ አራቱንም ከያዘ አዲስነት የለም። ሁለት ሰነዶች ተደምረው ከያዙና በሙያው የሠለጠነ ሰው ሁለቱን ማዋሐድ የሚጠበቅበት ከሆነ፣ ክርክሩ ወደ ፈጠራ ብልጫ ይሄዳል።

በቃል ብቻ መፈለግ አይበቃም። ጤፍ ራሱ በእንግሊዝኛ በአንድ ኤፍም በሁለት ኤፍም ይጻፋል፤ አንዱን ብቻ ከፈለጉ ግማሹ ያመልጥዎታል። ይልቁንም ዓለም አቀፉን የፓተንት ምደባ ይልመዱ። ከኤ እስከ ኤች 8 ክፍሎች አሉት። መውቂያ ኤ01ኤፍ ውስጥ ነው፤ እህልን በወንፊትና በነፋስ መለየት ቢ07ቢ፤ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ኤ21ቢ፤ የወጥ ቤት ዕቃ ኤ47ጄ፤ ክር መፍተል ዲ01ኤች። የመንዝን ሱፍ መፍተያ የሚያሻሽል ሰው ጉዳይ ይዘው «መንዝ» ብለው ቢፈልጉ ምንም አያገኙም፤ በዲ01ኤች ሲገቡ ግን የመቶ ዓመት እንዝርት ሁሉ ተደርድሮ ይጠብቅዎታል።

ቅርብ ሰነድ ሲያገኙ እሱ የጠቀሳቸውንና እሱን የጠቀሱትን ተከታተሉ። ቀጥሎ ከፓተንት ውጭ ይውጡ፤ የመመረቂያ ጽሑፎች፣ የማሽን ሻጮች ካታሎግ፣ ቪዲዮዎች ሁሉ ቀዳሚ ጥበብ ናቸው። የፈለጉበትን ቃል፣ ምደባና ቀን በማስታወሻ ይያዙ። ምንም አላገኘሁም ብለው ከተነሱ ብዙ ጊዜ ያጠረው ፍለጋው ነው፤ ለመጀመሪያ ጉዳይ ሁለት ሦስት ሙሉ ቀን ይስጡት።

ስለ ጤፍ ፓተንቱ ተወርቷል፤ ለእኛ ሙያ ምን ያስተምራል?

ብዙ። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ተሰጥቶት ነበር። ብዙ ሰው «ጤፋችንን ወሰዱብን» ብሎ ተቆጣ፤ ቁጣው ተገቢ ነው። የሙያው ሰው ግን መጀመሪያ ክሌሙን ያነብባል። ክሌሙ የተንጠለጠለው እህሉ ሲፈጭ የውድቀት ቁጥሩ ቢያንስ 250 መሆኑ ላይ ነበር። የውድቀት ቁጥር የሚባለው በሞቀ የዱቄትና ውኃ ድብልቅ ውስጥ አንድ ዘንግ ለመስመጥ የሚፈጅበት ሰከንድ ነው፤ ስታርች የሚያፈርሰው ኢንዛይም ሲበዛ ድብልቁ ይቀጥንና ቁጥሩ ይወርዳል። እህሉ ከታጨደ በኋላ ሲከርም ቁጥሩ ከፍ ይላል። በስንዴ ሥራ ይህ መለኪያ የዘወትር ነው።

የምግብ መሐንዲስ ይህን ሲያነብ «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው?» ማለቱ አይቀርም፤ ሕጉ ያንኑ ጥያቄ የፈጠራ ብልጫ ይለዋል። የሄግ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የፈጠራ ብልጫ የለውም ብሎ የኔዘርላንዱን ፓተንት ዋጋ አሳጣው። ፍርዱ የተሰጠው ለኔዘርላንድ መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ ፓተንት በየአገሩ የሚቆም መብት ነው። የአውሮፓ ፓተንት በተሰጠ በ9 ወር ውስጥ በአንድ ማመልከቻ ሊቃወሙት ይቻላል፤ ያ ካለፈ ግን በዚያን ጊዜ ክርክሩ አገር በአገር ነበር፤ ገንዘቡም እንደዚያው። የእህላችንን ጠባይ የሚያውቅ፣ የውጭ ማመልከቻ ሲታተም የሚያነብ መሐንዲስ በአገሩ ቢኖር ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ጉዳይ አናውቅም።

ፈጣሪው ማሽኑን ባዛር ላይ አሳይቶ ነበር። ጉዳዩ አበቃ?

በኢትዮጵያ ሕግ ፈጣሪው ራሱ ከገለጸው ከማመልከቻው በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ ከሆነ አይጎዳውም። ቀኑን የሚያስረዳ ማስረጃ ግን ይሰብስቡ። በአሜሪካም የ1 ዓመት ምሕረት አለ። በአውሮፓ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለም፤ በአንድ ቴሌቪዥን ዝግጅት የታየ ማሽን እዚያ ተቃጥሏል ማለት ነው። ስለዚህ ለደንበኛ የሚሰጥ የመጀመሪያው ምክር «ዝም በሉ፣ ከዚያ ያስገቡ፣ ከዚያ ያሳዩ» ነው።

ቀነ ገደብ ላይ ምን ይበላሻል?

ሁለት ዘመን አቆጣጠር መያዛችን። በጎርጎርዮስ የሚቆጠር የ12 ወር ቀነ ገደብ ከውጭ ጉዳይ ጋር መጣ እንበል። መነሻው ኅዳር 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ ኖቬምበር 14፣ 2022። ገደቡ ኖቬምበር 14፣ 2023 ነው። በእኛ ስንቆጥር «ኅዳር 5፣ 2016» እንላለን፤ 2015 ጳጉሜን 6 ስለነበረው ግን ያ ቀን ኖቬምበር 15 ነው። በአንድ ቀን ልዩነት መብቱ ሊቀር ነው። ሁሉንም ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ፤ ማስታወሻው ከሁለት ሰው ዘንድ ይሁን፤ የመጨረሻ ቀን ሳይሆን ከዚያ 30 ቀን በፊት ያስታውስዎ። ዓመታዊ ክፍያም እንዲሁ ነው፤ ያልተከፈለበት ፓተንት ይወድቃል፤ ደንበኛውም የሚያስታውሰው ወኪሉን ነው።

የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ቦታ አለኝ?

አዋጁ የኮምፒውተር ፕሮግራምን በፓተንት ከማይጠበቁት ጋር ይዘረዝረዋል፤ የንግድ ዘዴን፣ የሒሳብ ዘዴንና የሕክምና ዘዴንም እንዲሁ። ፕሮግራም በቅጅ መብት በኩል ይጠበቃል። ከመሣሪያ ጋር ተሳስሮ የሚሠራ ሥርዓት ከሆነ ግን መሣሪያውን ይዞ ማርቀቅ ይቻላል፤ በዚያ ላይ የፈቃድ ውልና የመረጃ ጥበቃ ሥራ አለ።

ከፋብሪካ ስለቅ ምን ልጠንቀቅ?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ በሥርዓት ይውጡ። ያወቁትን ምስጢር፣ የምርት አሠራሩን፣ የድብልቁን ልክ፣ ለሌላ ደንበኛ ማመልከቻ ውስጥ አያስገቡ። የቀድሞ ፋብሪካዎን የሚቃወም ጉዳይ ከመጣ አልይዝም ይበሉ፤ ገና ፋይሉን ሳይከፍቱ።

የራስዎ ፈጠራ ካለ መጀመሪያ ባለቤቱን ይለዩ። ሊሠሩት በተቀጠሩበት ጉዳይ የፈጠሩት፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር የአሠሪው ነው። ከሥራዎ ጋር ሳይገናኝ፣ በአሠሪው ዕቃና መረጃ ሳይጠቀሙ የሠሩት የእርስዎ ነው። ጭቅጭቅ የሚነሳው መሃል ላይ ባለው ነው፤ በፋብሪካው ላሜራና ብየዳ እሑድ እሑድ የተሠራ ናሙና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፈተና ብወስድስ?

የአሜሪካው የፓተንት ቢሮ ፈተና 100 ምርጫ ጥያቄ፣ 6 ሰዓት፣ ማለፊያው 70 በመቶ ነው፤ የምሕንድስና ዲግሪ ያለው ሰው ሕግ ሳይማር ወኪል ሊሆንበት ይችላል። ነገር ግን ዜግነት ወይም እዚያ በሕጋዊ መኖሪያ መገኘት ይጠየቃል። የአውሮፓው ደግሞ የአባል አገር ዜግነትና 3 ዓመት በወኪል ሥር መሠልጠን ይፈልጋል። እዚህ ሆነው ፈቃዱን ባያገኙም የአሜሪካውን የፈተና መጽሐፍ ማንበብ ለእጅ ማፍታቻ ይጠቅማል።

በምን ቅደም ተከተል ልዘጋጅ? ሥራዬንስ መቼ ልልቀቅ?

ዋይፖ በኢንተርኔት የሚሰጠው ዲኤል-101 የተባለው አጠቃላይ ትምህርት ነጻ ነው፤ በእሱ ይጀምሩ። ለፓተንት ፍለጋና ለማርቀቅ የሚከፈልባቸው ከፍ ያሉ ኮርሶች አሉት። ቀጥሎ በሚያውቁት መስክ 20 ያህል የተሰጡ ፓተንቶችን ይውሰዱ። መግለጫውን ብቻ አንብበው ክሌሙን ራስዎ ይጻፉ፤ ከዚያ ከታተመው ጋር ያስተያዩ። ይህ ልምምድ ከማንኛውም ኮርስ ይበልጣል፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ላይ ክሌምዎ ከታተመው ሁለት እጥፍ ይረዝማል፣ ወደ ዐሥረኛው አካባቢ ማጠር ይጀምራል። በመጨረሻ እውነተኛ ፈጣሪ ፈልገው፣ በልምድ ባለው ሰው እየታረመ፣ ሁለት ሦስት ማመልከቻ ያርቅቁ።

ይህን ሁሉ ደመወዝ እየበሉ ማድረግ ይቻላል። እንዲህ ያለውን ሽግግር በማታ የፈጸመ ሰው ታሪክም ያውቃል፦ የፎቶ ኮፒን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1938 የፈጠረው ቼስተር ካርልሰን ቀን በአንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ የፓተንት ክፍል እየሠራ ማታ ሕግ ይማር ነበር፤ ሰነድ የመገልበጡ ድካም ነው ወደ ፈጠራው የመራው። ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር የገባው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለምኒልክ ድልድይና ቤት ከመሥራት አልፎ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱን ፈቃድ የተቀበለ ሰው ሆኗል። መሐንዲስ ከማሽኑ ወደ ውሉ መሻገሩ ለሸዋ አዲስ ነገር አይደለም።

ከፈጣሪ ጋር መጀመሪያ ስገናኝ ምን ልጠይቅ?

እሱን ቢሮ አይጥሩት፤ ዎርክሾፑ ድረስ ይሂዱ። ጋሼ የሚባሉ ሰው ከሆኑ ጋሼ ይበሉ፤ ሻይ ሳይጠጡ ወረቀት አያውጡ። ማሽኑን ሲያስነሱት ይዩት፤ ሲበላሽም ይዩት። ከዚያ እነዚህን ይጠይቁ፦ ይህ ሳይኖር ሰው እንዴት ይሠራ ነበር? ምን ሞክረው አልሆነም? የትኛው ክፍል ቢወጣ ይቆማል? በሌላ በምን ሊሠራ ይችል ነበር? ማን አይቶታል፣ መቼ? በማን ገንዘብ፣ በማን ዕቃ ተሠራ? ሐሳቡን ያዋጣው ማን ነው?

የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በተሰጠው ሥዕል የበየደው ልጅ ፈጣሪ አይደለም፤ ገንዘብ ያዋጣው የማኅበሩ ሊቀመንበርም አይደለም። «ስፕሪንጉን ከታች እናድርገው» ብሎ ችግሩን የፈታው ረዳት ግን ስሙ ከማመልከቻው ላይ መግባት አለበት፤ የማኅበር አባላት መካከል ቅሬታ የሚተክለው ይህ ስም መቅረቱ ነው። የነገሩዎትን ያለ ፈቃድ ለማንም እንደማይገልጹ በጽሑፍ ፈርመው ይስጧቸው፤ ፎቶውንም በስልክዎ አንሥተው በቴሌግራም ቡድን አይላኩት።